ወርቁ እያለ ለምን አይወጣም? በሰልፋይድ አለት የታሰረ ወርቅና የረቂቅ ተሕዋስያን ሚና

በአንዳንድ የወርቅ ይዞታዎች ላይኛው ቀይ አፈርና የበሰበሰው አለት ጥሩ ምርት ሲሰጥ ይቆያል። ቁፋሮው ጠልቆ ግራጫ መልክ ያለው፣ ቢጫ የሚያብለጨልጭ ማዕድን የበዛበት ጠንካራ አለት ላይ ሲደርስ ግን ምርቱ በድንገት ያሽቆለቁላል። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ሲላክ ውጤቱ ወርቅ መኖሩን ያረጋግጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከላይኛው አፈር የሚበልጥ መጠን ያሳያል። ይሁን እንጂ አለቱ ተፈጭቶ በገበቴ ቢታጠብ የሚገኘው ኢምንት ነው። በሳይናይድ ቢታከምም አብዛኛው ወርቅ ከዝቃጩ ጋር አብሮ ይሄዳል። ላቦራቶሪው አልተሳሳተም፤ አለቱም ወርቅ አላጣም። ወርቁ ሰልፋይድ በተባሉ ማዕድናት ውስጥ ታስሮ ስለሚገኝ ነው።

ይህን ወርቅ ለማስለቀቅ በዓለም ላይ ሥራ ላይ ከዋሉት ዘዴዎች አንዱ ረቂቅ ተሕዋስያንን የሚጠቀመው የባዮኦክሲዴሽን ዘዴ ነው። ለማዕድን ፈቃድ ለማመልከት የሚያስቡ ዜጎችና ማኅበራት፣ እንዲሁም በማዕድን ሥራ አካባቢ የሚኖሩ ነዋሪዎች ዘዴው ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደሚጠይቅ አስቀድመው ቢያውቁ ያለ ውጤት ከሚወጣ ገንዘብና ከውኃ ብክለት ራሳቸውን ለመጠበቅ ይረዳቸዋል።

የወርቁ እስር ምንድን ነው?

ፓይራይት የብረትና የሰልፈር ውሁድ ነው። በመልኩ ወርቅ ስለሚመስል ብዙዎችን ያሳስታል። አርሴኖፓይራይት ደግሞ በብረቱና በሰልፈሩ ላይ አርሴኒክ የተባለውን መርዛማ ንጥረ ነገር ይጨምራል። በእነዚህ ማዕድናት ውስጥ፣ በተለይም በአርሴኖፓይራይት ውስጥ፣ ወርቁ በተራ አጉሊ መነጽር እንኳ በማይታይ ደረጃ ደቅቆ ይገኛል። ከፊሉ በማዕድኑ ክሪስታል ውቅር ውስጥ የገባ በመሆኑ አለቱን የቱንም ያህል አልሞ መፍጨት ወርቁን አይነጥለውም።

ከአለት ወርቅን በሳይናይድ አሟሙቶ የማውጣት ዘዴ በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ የባለቤትነት መብት የተመዘገበለት እ.ኤ.አ. በ1887 ሲሆን፣ ዛሬም የዓለም የወርቅ ኢንዱስትሪ በዋነኛነት የሚመካበት ዘዴ ነው። ሳይናይድ ግን ወርቁን ማሟሟት የሚችለው ሲነካው ብቻ ነው። በሰልፋይድ ውስጥ የተቀበረውን ቅንጣት አያገኘውም።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በአንድ ቶን አለት ውስጥ 5 ግራም ወርቅ መኖሩ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ እንበል። 100 ቶን አለት 500 ግራም ወርቅ ይዟል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ በሳይናይድ የሚወጣው 30 በመቶው ብቻ ቢሆን ባለይዞታው የሚያገኘው 150 ግራም ነው። ለ500 ግራም ታስቦ የተገዛው መሣሪያ፣ የተቀጠረው ሠራተኛና የተወሰደው ብድር ግን አይቀንስም። በሰልፋይድ ይዞታዎች ላይ የሚደርሰው ኪሳራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አለቱ የያዘውን ወርቅና ከአለቱ ሊወጣ የሚችለውን ወርቅ እንደ አንድ ከመቁጠር ነው።

ላይኛው አፈር ለምን በቀላሉ ወርቅ እንደሚሰጥም ከዚሁ መረዳት ይቻላል። ዝናብ፣ አየርና በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ሰልፋይዱን አዝገው ወርቁን ፈትተውታል። የአፈሩ ቀይ ቀለም ከዚያ የተረፈ የብረት ዝገት ነው። ከከርሰ ምድር ውኃ ወለል በታች አየር በቀላሉ ስለማይደርስ አለቱ እንደ ጥንቱ ይቆያል። በፋብሪካ የሚካሄደው ባዮኦክሲዴሽን ይህንኑ የተፈጥሮ ሥራ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ማድረግ ነው።

ተሕዋስያኑ የሚሠሩት ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫዎች የሚፈሰውን አሲዳማ ውኃ ያጠኑ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኮልመርና ሂንክል፣ በውኃው ውስጥ ያለው ብረት እንዲዝግ የሚያደርገው ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ። ይህ ባክቴሪያ ዛሬ አሲዲታዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ ይባላል። ሌፕቶስፒሪለም የተባለውና ሌሎች ዘመዶቹም ከጊዜ በኋላ ታውቀዋል። ርዝመታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ገደማ ነው። እንደ ዕፅዋት ካርቦንን ከአየር ይወስዳሉ፤ ኃይል የሚያገኙት ግን ከፀሐይ ሳይሆን ብረትንና ሰልፈርን ከኦክሲጅን ጋር በማዋሐድ ነው። ለሌሎች ፍጥረታት ሞት የሆነው ኃይለኛ አሲድ ለእነርሱ ምቹ መኖሪያ ነው።

ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ተሕዋስያኑ ወርቅ አይበሉም፤ ወርቅም አያሟሙም። ሥራቸው በብረቱና በሰልፈሩ ላይ ነው። በአሲድ ውስጥ የሟሟውን ፌረስ የተባለ ብረት ፌሪክ ወደተባለው ዓይነት ይለውጡታል፤ ፌሪኩ ሰልፋይዱን አጥቅቶ ይሰባብራል፤ በዚህም ጊዜ ራሱ ተመልሶ ፌረስ ስለሚሆን ተሕዋስያኑ እንደገና ይለውጡታል። ዑደቱ በዚህ ሁኔታ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ይህ የብረት ለውጥ በአሲዳማ ውኃ ውስጥ በአየር ብቻ ሲካሄድ እጅግ አዝጋሚ ሲሆን፣ ባክቴሪያዎቹ ፍጥነቱን እስከ ሚሊዮን እጥፍ ያሳድጉታል። ሰልፋይዱ ሲፈርስ ብረቱ፣ ሰልፈሩና አርሴኒኩ ወደ ፈሳሹ ይገባሉ፤ ወርቁ ግን በተረፈው ጠጣር ውስጥ ተገልጦ ይቀራል። በመዳብ ማዕድን ላይ ሁኔታው የተለየ ነው፤ በዚያ መዳቡ ራሱ በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ይወጣል።

ተሕዋስያኑ ለሰው በሽታ ያመጣሉ ወይ የሚል ጥያቄ ከነዋሪዎች ሊነሣ ይችላል። በኃይለኛ አሲድ ውስጥ ብረትና ሰልፈር እየተመገቡ የሚኖሩ በመሆናቸው በሰው አካል ውስጥ መኖሪያ የላቸውም፤ በሽታ አምጪ እንደሆኑም አይታወቅም። ሊፈራ የሚገባው አሲዱና አርሴኒኩ ነው።

ከባርበርተን እስከ ኦቡአሲ

ዘዴውን ለወርቅ በኢንዱስትሪ ደረጃ በማዋል ቀዳሚው አፍሪካ ነው። በደቡብ አፍሪካ ባርበርተን ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የፌርቪው ማዕድን፣ ጄንኮር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 በቀን 10 ቶን የተከማቸ ማዕድን የሚያስተናግድ ተቋም ሥራ አስጀመረ። ባዮክስ የሚል የንግድ ስም የተሰጠው ይህ ዘዴ በ1991 በማዕድኑ የነበሩትን የማቃጠያ እቶኖች ሙሉ በሙሉ ተካ።

ማቃጠል በወቅቱ የተለመደው መፍትሔ ነበር። ሰልፋይዱ በእቶን ሲነድ ወርቁ ይለቀቃል፤ ነገር ግን ሰልፈሩ የሚያንቅ ጋዝ፣ አርሴኒኩም አርሴኒክ ትራይኦክሳይድ የተባለ በውኃ የሚሟሟ መርዛማ ብናኝ ሆኖ ይወጣል። ይህ አሠራር ምን ጥሎ ሊያልፍ እንደሚችል በካናዳ የሎውናይፍ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የጃይንት ማዕድን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1948 ማምረት የጀመረው ይህ ማዕድን ከተዘጋ ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኖታል። 237 ሺህ ቶን የአርሴኒክ ትራይኦክሳይድ ብናኝ ግን ከመሬት በታች በተፈለፈሉ ክፍሎች ተከማችቶ ይገኛል። ብናኙ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ እንዳይገባ በዙሪያው ያለውን መሬት አቀዝቅዞ የማቆየት ሥራ በመንግሥት ወጪ ይካሄዳል። ወርቁ ተሽጦ አልቋል፤ ብናኙን የመጠበቅ ግዴታ ግን ማብቂያ አልተቆረጠለትም።

በጋና አሻንቲ ክልል የሚገኘው የኦቡአሲ ማዕድንም ማዕድኑን በእቶን ሲያቃጥል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1994 ግን በቀን ከ700 ቶን በላይ የተከማቸ ማዕድን የሚቀበል የባዮክስ ፋብሪካ ከፈተ፤ ይህም በጊዜው በዓለም ትልቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአውስትራሊያ፣ በቻይና፣ በካዛክስታንና በኡዝቤኪስታን ተመሳሳይ ፋብሪካዎች ተሠርተዋል። በበርካታዎቹ ቀድሞ ከግማሽ በታች ይወጣ የነበረው ወርቅ ከ90 በመቶ በላይ ደርሷል።

ሌላው አማራጭ ማዕድኑን ከ190 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት፣ በታሸገ ጋን ውስጥ በኦክሲጅን ማስተናገድ ነው። ይህ ፈጣን ቢሆንም መሣሪያው ውድ ነው፤ ከፍተኛ የቴክኒክ ብቃትም ይጠይቃል። ረቂቅ ተሕዋስያን በመካከለኛ መጠን ላሉ ማዕድናት ተመራጭ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

በፋብሪካው ውስጥ

አለቱ በቀጥታ ወደ ተሕዋስያኑ አይገባም። መጀመሪያ ይደቅቃል፤ ቀጥሎ በአረፋ በማንሳፈፍ ሰልፋይዱ ከተራው ድንጋይ ይለያል። የሚገኘው የተከማቸ ማዕድን ከውኃ ጋር ተደባልቆ፣ ጠጣሩ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል እንዲሆን ተደርጎ ወደ ትላልቅ ጋኖች ይገባል። በተለመደው አሠራር ጋኖቹ ስድስት ናቸው፤ ሦስቱ ጎን ለጎን የመጀመሪያውን ሥራ ይሠራሉ፣ ሦስቱ ደግሞ ተከታትለው ያጠናቅቃሉ። ማዕድኑ በጠቅላላው ከአራት እስከ ስድስት ቀን ይቆያል። ሙቀቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ፣ የአሲድነት ልኬቱም በፒኤች ከ1.2 እስከ 1.8 ባለው ወሰን ይጠበቃል።

የተሕዋስያኑ አያያዝ ከእንጀራ እርሾ ብዙም አይርቅም። ከአንድ ብልቃጥ ይጀመራል፤ ወደ በርሜል፣ ከበርሜል ወደ ጋን በየደረጃው ይራባል፤ የሚሠራበትን ማዕድን እስኪለምድም ጊዜ ይሰጠዋል። አንዴ ከተደላደለ እየተመገበ ራሱን ይተካል። ምግቡም ለእርሻ ማዳበሪያ ከሚውሉት ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ብዙ አይለይም። እርሾ እንደሚበላሽ ሁሉ ይህም ሊበላሽ ይችላል፤ የፋብሪካው ከባዱ ሥራም ያለው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚያስፈልገው አየር ነው። በፓይራይት ውስጥ ያለውን አንድ ኪሎ ግራም ሰልፈር ለማዝገም ወደ 2 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ኦክሲጅን ይጠይቃል። ይህን ሁሉ አየር ቀንና ሌሊት ለመንፋት የሚያስችል የኤሌክትሪክ ኃይል ሊቋረጥ አይገባም። ማማሰያው ከቆመ ማዕድኑ ይዘቅጣል፤ አየሩ ከቆመ ተሕዋስያኑ ይታፈናሉ፤ እንደገና ማራባትም ሳምንታት ይፈጃል። ሂደቱ ራሱ ብዙ ሙቀት ስለሚያመነጭ ጋኖቹ ያለማቋረጥ በውኃ መቀዝቀዝ አለባቸው። አስተማማኝ የኃይል መጠባበቂያ የሌለው ዕቅድ በወረቀት ላይ ምንም ያህል አትራፊ ቢመስል ሊታመን አይገባውም።

ውኃውም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይሻል። ሳይናይድና ከሰልፈር ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ታዮሳይናይድ ተሕዋስያኑን በጥቂቱም ቢሆን ይገድላሉ። ስለዚህ ከወርቅ ማሟሟቻው ክፍል የወጣ ውኃ ሳይታከም ወደ ጋኖቹ መመለስ የለበትም። ጨዋማ ውኃም ይጎዳቸዋል።

ሥራው ሲጠናቀቅ ጠጣሩ በውኃ በደንብ ታጥቦ ከአሲዱ ይለያል፤ ከዚያም ወደ ሳይናይድ ክፍል ያልፋል። ሙሉ በሙሉ ያልዛገ ሰልፈር ሳይናይድን ስለሚበላ የሳይናይድ ፍጆታው ከተለመደው ሊበልጥ እንደሚችል በወጪ ስሌት ውስጥ መግባት አለበት። በሌላ በኩል ወርቁ በብዛት በአርሴኖፓይራይቱ ውስጥ የሚገኝ ከሆነ፣ አርሴኖፓይራይት ከፓይራይት ቀድሞ ስለሚፈርስ፣ ሰልፋይዱን ሁሉ ማዝገም ላያስፈልግ ይችላል። ይህን የሚወስነው የእያንዳንዱ ይዞታ ምርመራ ነው።

ጋን ሳያስፈልግ የተከመረ አለት ላይ ተሕዋስያኑን በማርከፍከፍ መሥራትም ይቻላል። በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት በካርሊን አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚህ መንገድ አነስተኛ የወርቅ መጠን ያለው አለት በኢንዱስትሪ ደረጃ ተስተናግዷል። ወጪው ዝቅተኛ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ ወራት ነው፤ የሚወጣው የወርቅ ድርሻም ያንሳል።

ተሕዋስያኑ የማይፈቱት ችግርም አለ። አንዳንዱ አለት ከሰል መሰል ካርቦን ይይዛል። ይህ ካርቦን ሳይናይዱ ያሟሟውን ወርቅ መልሶ ይቀማል። በእንዲህ ዓይነቱ አለት ሰልፋይዱ ቢፈርስም ወርቁ ሊጠፋ ስለሚችል የካርቦኑ ጉዳይ ለብቻው መመርመር አለበት።

አርሴኒኩ የት ይሄዳል?

በማዕድን አካባቢ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነው። ባዮኦክሲዴሽን አርሴኒክን ከጭስ ያድናል እንጂ አያጠፋውም። ከእቶን የሚወጣው አርሴኒክ ብናኝ ሲሆን፣ ከጋን የሚወጣው በአሲድ ውስጥ የሟሟ ነው። ይህ ፈሳሽ እንዳለ ቢለቀቅ ከእቶኑ ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል።

መፍትሔው ፈሳሹን በደረጃ በተፈጨ የበሃ ድንጋይና በኖራ ማርገብ ነው። በዚህ ጊዜ አርሴኒኩ ከፌሪክ ብረት ጋር ተጣምሮ በውኃ በቀላሉ የማይሟሟ ጠጣር ይሆናል። ጠጣሩ እንዲጸና በአተም ብዛት ሲቆጠር ብረቱ ቢያንስ የአርሴኒኩን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ፓይራይት በበዛበት ማዕድን ብረቱ ከዚያው ይገኛል፤ በሌላው ግን መጨመር ያስፈልጋል። የሚፈለገው የበሃ ድንጋይ ቀላል አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ሰልፈር ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ይሄዳል። የበሃ ድንጋይ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ የማጓጓዣው ወጪ ብቻ የአንድን ፕሮጀክት አዋጭነት ሊለውጠው ይችላል።

የረጋው ጠጣር የሚቀመጥበት ግድብ ደግሞ ፋብሪካው ከተዘጋም በኋላ መጠበቅ ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የአርሴኒክ መጠን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። አርሴኒክ በውኃ ውስጥ ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም ስለሌለው በዓይን አይታወቅም፤ ውኃውን ማፍላትም አያስወግደውም። መኖሩ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።

እነዚሁ ተሕዋስያን ከፋብሪካ ውጭም እንደሚሠሩ መዘንጋት የለበትም። ሰልፋይድ ያለበት አለት ተቆፍሮ ሜዳ ላይ ሲጣል፣ ዝናብና አየር ሲያገኘው፣ ማንም ሳያዛቸው ያዝገሙታል። ከቁልሉ ሥር የዝገት መልክ ያለው ብርቱካናማ ውኃ መውጣት፣ በወንዙ ድንጋዮች ላይም ተመሳሳይ ልባስ መታየት የዚህ ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ሳይመረመር ለሰውም ሆነ ለከብት መጠጥ መዋል የለበትም። ምልክቱን ያዩ ነዋሪዎች ለአካባቢው የውኃና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ሊያሳውቁ ይገባል።

ለፈቃድ አመልካቾች

በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ባሕላዊ ማዕድን ማምረት በአብዛኛው በሰው ጉልበት የሚከናወን ሥራ ሲሆን፣ ፈቃዱም የሚሰጠው በክልል ደረጃ ነው። ከላይ የተገለጸው ሂደት በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ የሚከናወን አይደለም። አሲድ፣ አርሴኒክና ሳይናይድ የሚገናኙበት ሥራ በጉድጓድ አፍ ወይም በግቢ ውስጥ በበርሜል ሊሞከር አይገባም። በባሕላዊ መንገድ የሚያመርት ማኅበር ቁፋሮው ሰልፋይድ አለት ላይ ከደረሰ ያለው አማራጭ አቅም ካለው አልሚ ጋር በሕጋዊ መንገድ መቀናጀት ወይም በላይኛው የዛገ አለት ላይ መቆየት ነው።

የማምረት ፈቃድ የሚጠይቅ አልሚ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሚጠይቀውን ግምገማ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ለሰልፋይድ ማዕድን በሚዘጋጅ ግምገማ የአርሴኒኩ መጠን፣ የሚረጋበት መንገድ፣ የግድቡ አቀማመጥና ከመዘጋት በኋላ ያለው ክትትል በግልጽ መታየት አለባቸው። በፕሮጀክቱ አካባቢ የሚኖር ማኅበረሰብም በሚደረገው ምክክር እነዚህን ነጥቦች አንሥቶ መልስ መጠየቅ ይችላል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚደረገው ምርመራ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በእሳት አቅልጦ በሚደረግ ፍተሻ ጠቅላላው ወርቅ ይለካል። ቀጥሎ ያው ናሙና ተፈጭቶ በሚሽከረከር ጠርሙስ ውስጥ በሳይናይድ ይታከምና የወጣው ወርቅ ይመዘናል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት የታሰረውን ወርቅ ያመለክታል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ የማዕድኑ ዓይነት፣ የሰልፈሩ፣ የአርሴኒኩና የካርቦኑ መጠን ይጠናል፤ በተሕዋስያን የሚደረገው ሙከራ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሲሆን ሳምንታት ይወስዳል። ይዞታ ለመግዛት ወይም በሽርክና ለመግባት የቀረበለት ሰው ጠቅላላውን የወርቅ መጠን የሚገልጽ ወረቀት ብቻ ከታየው፣ ሁለተኛውን ቁጥር ሳያገኝ ውል መፈረም የለበትም።

ናሙናው ከላይኛው የዛገ አለትና ከታችኛው ሰልፋይድ ለየብቻ መወሰድ አለበት፤ ሁለቱ ከተደባለቁ ውጤቱ ስለየትኛውም አይናገርም። የሰልፋይድ ናሙና እርጥበት ባለበት ስፍራ ሲቆይ ራሱ መዛግ ስለሚጀምር ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ፣ የተወሰደበት ጥልቀትና ቀን ተጽፎበት ሳይዘገይ ወደ ላቦራቶሪ መድረስ ይኖርበታል።